የጋሽ በቃ መዳፍ

በየትኛውም ጠባብ መንገድ ላይ አንድ መኪና የኋላ ማርሽ ካስገባ፣ መሬት ወዲያው አንድ ሰው ታበቅላለች። ማንም አልጠራውም፤ ማንም አልቀጠረውም። ከመኪናው በስተኋላ እግሩን ከፈት አድርጎ ይቆምና ሁለት እጁን አንስቶ «ና! ና! ና!» ይላል። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ቢሆንም ሹፌር ሁሉ ያለ እሱ ከግንብ ጋር እንደሚላተም ከልቡ ያምናል።

የዚህ ዘር አለቃ፣ ክቡር የወደኋላ ጉዳዮች የበላይ ጠባቂ፣ ጋሽ በቃ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ሥራቸውን ሁልጊዜ የሚጨርሱት «በቃ!» ብለው የመኪናውን የኋላ ኮፈን በመዳፋቸው ደልቀው ነውና። መዳፋቸው ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ጡረታ እስኪወጡ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲሸከሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ማለዳ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ሹራባቸውን ደርበው ብቅ ይላሉ። «እኔ ባለሁበት መኪና ተገጭቶ አያውቅም» ይላሉ። አንድ ጊዜ እሳቸው «ና! ና!» እያሉት የጎረቤትን የብረት በር የጣለው የጭነት መኪና አይቆጠርም፤ የተገጨው በሩ ነዋ!

የዚህ ሁሉ ጥበቃ ዋና ተጠቃሚ የቅርብ ጎረቤታቸው ባለ ሰርቪሱ ነው። የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያመላልስባት መኪና ከራሱ በዕድሜ ትበልጣለች። ሰሞኑን ደግሞ የኋላ ማርሽ መብራቷ ፊውዝ እያቃጠለ መከራውን አብልቶታል። ጋራዥ ሲወስዳት እንደ ጨዋ ልጅ ታበራለች። አምፖል ተቀየረ፣ ሽቦው ተፈተሸ፣ መካኒኩም «ምንም የላትም» ብሎ መለሰው። በማግስቱ ከግቢ ስትወጣ ድርግም! በዚሁ ጠንቅ ዓመታዊውን ምርመራ ወደቀች። ነገ ጠዋት የመጨረሻ ዕድሉ ነው፤ ዳግመኛ ብትወድቅ ወላጆቹ ልጆቻቸውን ለሌላ ሰርቪስ እንደሚሰጡ ቁርጡን ነግረውታል።

ጋሽ በቃ ምክንያቱን ያውቁታል። መጀመሪያ «ባትሪው ነው» አሉ። ባትሪው ደህና ሆኖ ሲገኝ «እኔስ ነዳጁ ነው ብዬ ነበር» አሉ። ነዳጅ ከመብራት ጋር ምን አገናኘው ሲባሉ «እሱን አንተ እወቅ፤ መኪናው ያንተ!» ብለው ተቆጡ።

የዚያን ቀን ከሰዓት ባለ ሰርቪሱ የቀሩትን ሦስት ፊውዞች ይዞ ግቢው ውስጥ መኪናዋ ላይ ተቀመጠ። ከኋላ ቆሞ መብራቱን የሚያይለት ሰው ያስፈልገው ነበር። መጥራት አላስፈለገውም።

«ጋሼ፣ እርስዎ መብራቱን ብቻ ይዩልኝ።»

«በራ!» አሉ ጋሽ በቃ። መኪናዋ አንድ ስንዝር ሳትነቃነቅ «ና! ና! ና! በቃ!» ድው! «ጠፋ!»

ሁለተኛው ፊውዝ ገባ። «በራ! ና! ና! በቃ!» ድው! «ኧረ ጠፋ! አንተ ልጅ፣ የማን እርግማን ነው?»

ሦስተኛውን ከከተተ በኋላ የባለ ሰርቪሱ እጅ ማርሹ ላይ ቀረ። አንድ ነገር ብልጭ አለለት።

«ጋሼ፣ እስቲ አሁን ዝም ብለው ይቁሙ።»

«ዝም ብዬ?»

«አዎ፣ እጅዎን ሰብስበው።»

ጋሽ በቃ ቅር እያላቸው ቆሙ። መብራቱ በራ፤ እንደበራም ቀረ።

ባለ ሰርቪሱ ወርዶ የኋላ ኮፈኑን ከፈተና የውስጥ ልባሱን ነቀለ። ብረቱ በአንድ መዳፍ ልክ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ከጎድጓዳው ሥር የተጫነው ሽቦ ፕላስቲኩ አልቆ መዳቡ ፈጥጧል። በተመታ ቁጥር ከብረቱ ጋር እየተነካካ ሾርት የሚያደርገው እሱ ነበር።

«ምን አገኘህ?» አሉ ጋሽ በቃ፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው።

ባለ ሰርቪሱ የከረመ ንዴቱን ሊያወርድባቸው አፉን ከፈተ። ያ ከባድ እጅ ግን ትከሻውን እንደ አባት ይዞት ነበር፤ አንጀቱን በላው።

«አይጥ ነው፣ ጋሼ። አይጥ በልቶት ነው።»

ጋሽ በቃ የጎደጎደውን ብረት አዩ። ቀጥሎ መዳፋቸውን አዩ። «ብዬህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያም ቤታቸው ገቡ።

ባለ ሰርቪሱ ሽቦውን በናስትሮ ጠቀለለ፣ በሌላ በኩል አዙሮ አሰረው፣ ከጎድጓዳው ሥር ደግሞ ከአሮጌ ፍራሽ የቆረጠውን ወፍራም ስፖንጅ ለጠፈ።

ጠዋት ሞተር ሲያስነሳ ጋሽ በቃ እንደ ልማዳቸው ወጡ፤ እጆቻቸው ግን ወደኋላ ታጥፈዋል። «ና… ና…» አሉ፣ ሕፃን የተኛበት ቤት እንደገባ ሰው። መኪናዋ መንገዱ ላይ ስትደርስ «በቃ» አሉ። ድው የለም።

ባለ ሰርቪሱ ፍሬን ረግጦ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ይምቱ እንጂ!»

«እጄን አሞኛል።»

«ሳይመቱ አልሄድም።»

«ምርመራ አለብህ፣ ልጄ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «አይጡ ቢመለስስ?»

የተሰካው ፊውዝ የመጨረሻው ነበር፤ በዚያ ሰዓት የተከፈተ ሱቅ የለም። ባለ ሰርቪሱ ግን የእኚህን ሰው ዝምታ ከምርመራው ይልቅ ፈራው።

«ይመለስ» አለ። «ፍራሽ አንጥፌለታለሁ።»

ጋሽ በቃ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ ሰማይ አነሱ።

«በቃ!» ድው!

የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ጋሽ በቃ ጎንበስ ብለው መብራቶቹን አንድ በአንድ አዩና፣ «አልጠፋም!» አሉ ዓይናቸውን በሹራባቸው እጅጌ እየጠረጉ። «ልጄ፣ አልጠፋም!»