ሸህ ሰይድ ጎንደር ላይ ምን ይብላ?

ጎንደር ደርሶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ስለ ግንቡ ነው የሚያወራው። እኔም አይቼዋለሁ፤ ትልቅ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ ምሳ ነው። ምሳ ደግሞ ምን ያስጨንቃል ትሉኝ ይሆናል። እኔን ያስጨንቀኛል። እኔ እኮ ደመና በሌለበት ጃንጥላ ይዤ ከደሴ ኮምቦልቻ የምወርድ ሰው ነኝ።

የሟች ወንድሜ ልጅ ደረጀ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። እዚያው የምትሠራ የጎንደር ልጅ ወደደ። ለአባቷ አንድ ልጃቸው ናት። "አገሩን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም" ብለው የላክንላቸውን መልእክት መለሱት። "አጎቴ፣ አሁንም እንቢ ካሉ እሷ የአባቷን ቃል አትሽርም፤ አለቀልኝ" አለኝ ልጁ። ስለዚህ እኔና ጎረቤቴ ሸህ ሰይድ ሽማግሌ ሆነን ተነሣን። በእኛ አገር ለክርስቲያን ሙሽራ ሸህ፣ ለሙስሊም ሙሽራ ቄስ ሽማግሌ ሆኖ ቢሄድ ማንም ዞር ብሎ አያይም።

የመንገዱን ነገር ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ሸህ ሰይድ፣ "ተው እንጂ፤ መንገዱ ራሱ ሰለቸህ" አለኝ። ደግነቱ በሰላም ደረስን። እሱ አልሐምዱሊላህ አለ፤ እኔ ተመስገን አልኩ።

የተቀጠርነው ለምሳ ስለነበር ጠዋቱን ግንቡን ልናይ ገባን። አስጎብኚዋ እያዞረች ጣሪያ የሌለው ሰፊ አዳራሽ አሳየችን። ግብር የሚበላበት ነው፤ ንጉሡ ግን ከመጋረጃ ጀርባ ነበር የሚመገቡት አለችን። ሌላው ጎብኚ ፎቶ ያነሣል። እኔን ላብ አሰመጠኝ። ለካ ለሸህ ሰይድ ምሳ አላሰብኩም! ደሴ ቢሆን ማን ይጨነቃል? ለሙስሊም እንግዳ ሙስሊም ያርዳል፤ ድስቱም ለብቻው ይጣዳል፤ አለቀ። እዚህ ግን ሸህ ይዘን እንደምንመጣ ማን ነገራቸው? አልበላም ቢል "ማዕዳችንን ናቁ" ሊሉ ነው። ማዕዱ የተናቀበት ሰው ደግሞ ልጁን ይሰጣል?

ሸህ ሰይድን ወደ ግድግዳው ጥግ ሳብኩት።

"ሆዴን አሞኛል በልልኝ።"

"በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ?"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። "ዛሬ ሐሙስ ነው፤ በፈቃድ የሚጾምበት ቀን። መኪናው ስላንገላታኝ ከሌሊት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም። የሱና ጾም እንደሆነ ቀትር ሳይደርስ ኒያ ማድረግ፣ ልጹም ብሎ ማሰብ ይቻላል። በቃ፣ ልጹምልህ።"

ልስመው ምንም አልቀረኝ። ግንቡ እንኳ ያማረኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ከልጅቷ ቤት ደረስን። እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። አባትየው እስከ መጨረሻው ሰሙንና፣ "ተቀመጡ። መጀመሪያ እህል ቅመሱ፤ መልሱ ከዚያ በኋላ ነው" አሉ። እናትየው ሁለት መሶብ አስቀረቡ። "ይሄ የእርስዎ፣ ያኛው የሸሁ። ያረዱልን እኒህ ጎረቤታችን ናቸው" ብለው ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት አሳዩን። ለካ ልጅቷ ሁሉንም በስልክ ነግራቸዋለች! ድስቱም ቢላዋውም ለዛሬ ብለው የገዙት ነው።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አፌ ቀደመኝ።

"ሸህ ሰይድ ዛሬ ጾመኛ ነው!"

እናትየው የመሶቡን ክዳን እንደያዙ ቀሩ። አባትየው ቀዝቀዝ ብለው፣ "እንግዲህ እህላችንን ካልፈለጋችሁት ልጃችንን ምን ታደርጓታላችሁ?" አሉ። ደረጀ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ምን ብዬ ነው የምነግረው?

ሸህ ሰይድ እጅጌውን ሰበሰበ።

"እስቲ የእጅ ውኃ አምጡልኝ። ጾሙ ግዴታ አይደለም፤ የሱና ነው። የጋባዤ ልብ ከሚሰበር እሱ ይፈታ። ደግሞ ያስጾመኝ ይሄ ፈሪ ወዳጄ ነው!"

ከዚያ ምን ልበላችሁ? ሁሉንም ዘረገፈው። ጥግ ስቤ ውሸት ላስተምረው መሞከሬን ሳይቀር ነገራቸው። ጎረቤትየው ሲስቁ ኮፍያቸው ወደቀ። ሸህ ሰይድ ቢስሚላህ ብሎ ሲጎርስ እኔም ወደ መሶቤ ተጠጋሁ።

አባትየው የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ልጄን ወዴት ነው የምሰዳት እያልኩ ነበር የከረምኩት። ለሰው ልብ ሲሉ ጾም የሚፈቱበት አገር ከሆነስ ትሂድ። ሰጥቻለሁ" አሉ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ "ጾሙ እንደሚፈታ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ብነግርህ ሌላ ጭንቀት ልትፈልግ አይደል?" ብሎኝ እንቅልፉን ተኛ።

ሰሞኑን ለቀለበቱ ቀን ተጠርተናል። እናትየው ራሳቸው ደወሉልኝ። ሸሁ እንዳይቀሩብን አሉኝ፤ ደግመውም አሉኝ። "እኔስ?" አልኳቸው።

"እርስዎም ይምጡ እንጂ፤ ምን በወጣዎት። ብቻ መናገሩን ለእሳቸው ይተዉላቸው።"