ሳትጠይቅ የምትቀበል ኮምፒዩተር

መጠበቅ የማይሰለቸው ሰው ካገኛችሁ እባካችሁ አስተዋውቁኝ። እኔን ይሰለቸኛል። በደርግ መጨረሻ ግድም ናዝሬት አንድ የመንግሥት እርሻ ቢሮ ስሠራ አንዲት ኮምፒዩተር ነበረችን። አማርኛ እንድትጽፍ ግን አዲስ አበባ ያለው ወዳጄ ሽመልስ የሚሠራቸው ፕሮግራሞች ያስፈልጓት ነበር። ፊደሉን የሚያሳየው አንድ ነው፣ የሚያትመው ሌላ። አንዱን ረስታችሁ እንደሆነ ሁሉም ያኮርፋል። ሽመልስ ባሻሻላቸው ቁጥር በዲስክ አድርጎ ለአውቶቡስ ሹፌሩ ለሐጂ ሰይድ ይሰጣል፤ እኔ ከመናኸሪያ ተቀብዬ አንድ በአንድ ስጭን እውላለሁ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ማን ይሰማል? አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ዲስኩን ካጎረስኳት ማሽኗ ራሷ ትቀዳለች፣ ራሷ ትጭናለች፣ አሮጌውን ራሷ ትጥላለች። አለቃዬ አቶ ግርማ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ጎበዝ!" አሉኝ። እኔም ዲስኩን አጉርሼ ሻይ ልጠጣ እወጣ ጀመር።

ታዲያ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያሉ የእርሻ ኃላፊዎች ለስብሰባ ተጠሩ። በዋዜማው አዲስ ዲስክ መጥቶ ነበር፤ እንደ ልማዴ አጉርሻት ወጣሁ። ጠዋት ንግግሩን በጥድፊያ አትሜ አደልኩ። የቢሮው ካድሬ ጓድ ደምሴ መድረክ ላይ ወጡና በልማድ "የተከበራችሁ ጓዶች" አሉ። ሰው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሯል። አንድ የዝዋይ ሽማግሌ ትን አላቸው። እኔም ወረቀቴን አየሁ። "የተከበራችሁ ጉዶች" ይላል። ከግርጌው ደግሞ፣ "ጉድ ደምሴ"።

ለካ ሽመልስ ቦታ ልቆጥብ ብሎ "ጓ"ን አውጥቶ በ"ጉ" ተክቷት ኖሯል!

ከስብሰባው በኋላ ጓድ ደምሴ አስጠሩኝ። ያኔ ከዚህ ባነሰ ነገር ስንቱ ታስሯል? እየተንተባተብኩ ነገሩን አስረዳኋቸው።

"ማነው እንዲህ ያዘዛት?" አሉ።

"እኔ ነኝ ጓድ። የመጣውን ሁሉ ሳትጠይቂ ተቀበዪ ብያታለሁ።"

ተነስተው በሩን ዘጉ። አለቀልኝ ስል ሳቃቸው አመለጣቸው።

"አንተ ሰው! ሳትጠይቁ ተቀበሉ የምንባለው እኮ እኛ ነን! እሷ ምን አደረገችህ?"

ሂድና አስተካክል አሉኝ፤ በዚያው ቀረ። እኔም አስተካከልኩ። ከዚያ ወዲያ ማሽኗ አንድ ነገር ከመለወጧ በፊት "ልተካው?" ትለኛለች። ሥራው እንደገና ተንቀራፈፈ፤ ግን አልተቆጣኋትም። በመሥሪያ ቤታችን ጠይቃ የማትታሰር እሷ ብቻ ነበረች።