የደራሽ ዋስ አያ በሽር

በየከተማው ተተኪ የማይቀበል አንድ ሰው አይጠፋም። ሹፌር ቢለወጥ፣ ዳኛ ቢዛወር፣ ወፍጮ ቤቱ አዲስ ድንጋይ ቢያስገባ እሱ የሚያውቀው የፊተኛውን ብቻ ነው። አዲሱ ሥራውን ሳይጀምር ጉድለቱ ተነግሮ ያልቃል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም አማታችሁ ወይም አጎታችሁ ይሆናል። የእኛው የመካነ ሰላሙ ክቡር አያ በሽር ነበሩ።

አያ በሽር መኪና መቆሚያው ጥግ ጨው፣ ላምባና ቀለም የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ከደሴ የሚመጣው የጭነት መኪና ሹፌር የተለወጠ ዕለት፣ ሰውዬው ገና ሞተር ሳያጠፋ «ተተኪ ተብዬው ይሄ ነው?» አሉ። የፊተኛው ሹፌር ገደል አፋፍ ላይ አቁሞን እንቅልፉን ይለጥጥ እንደነበር አስታወስናቸው። «ቢተኛም እያዘነ ነው የሚተኛው» አሉ። አዲስ አዛን አድራጊ ሲመጣም በአክብሮት ሰምተው፣ የፊተኛው ድምፅ ጋራውን ይሻገር እንደነበር፣ የዚህኛው ግን ጋራው ሥር ደርሶ እንደሚያርፍ ለጎረቤት ሁሉ አስረዱ። መንግሥት ሲለወጥ ብቻ ምንም አላሉም። ሰዉ ራዲዮ ከቦ ሲንጫጫ እሳቸው ጨው ይሰፍሩ ነበር። ምነው ዝም አሉ ብላቸው፣ «መንግሥት ከእኔ ሱቅ ገዝቶ አያውቅም» አሉኝ።

ያጠራቀሙትን ተቃውሞ ሁሉ ያወጡት በእኔ ሥዕል ላይ ነው።

በስልሳ አምስት ዝናቡ ቀርቶ የማስተምርበት ክፍል ባዶ እየሆነ ሲሄድ፣ የቀሩትን ልጆች ላጫውት ብዬ በትልልቅ ወረቀት ላይ በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ ጀመርሁ። ጀግናው ደራሽ ይባላል። ጋቢውን ሲያጣፋ ከጋራ ወደ ጋራ በአንድ እርምጃ ይሻገራል። በሽሎን ዘሎ፣ ዓባይን ዘሎ፣ ረኃብ የበተነውን ሰው ከያለበት ፈልጎ በጀርባው እያዘለ ወደየቤቱ ይመልሳል። በየገበያው ቀን አዲስ ወረቀት ከንግሥቴ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ። መጀመሪያ ልጆች፣ ቀጥሎ ገበያተኛው፣ በኋላማ ከከላላ በበቅሎ የሚመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ከሥሩ ይቆሙ ጀመር። ማንበብ የማይችለው የሚችለውን ይጠይቃል፤ የሚችለውም ያልተጻፈውን ጨምሮ ይነግረዋል።

ከተመልካቹ ሁሉ የበረቱት አያ በሽር ነበሩ። ልጃቸው ሷሊህ በዚያው ክፉ ዓመት ሥራ ፍለጋ ወደ አዋሽ ጥጥ እርሻ ወርዶ፣ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። መኪና ሰው ባወረደ ቁጥር ከሱቃቸው ብቅ ብለው የወረደውን ያያሉ። ከዚያ ወደ ሥዕሉ ይሄዳሉ። ደራሽ ያመጣውን ሰው አተኩረው ይመለከቱና፣ «የዛሬው የአጅባር ሰው ይመስላል። አልሐምዱሊላህ፣ እናቱን እንኳን ደስ ያላት» ብለው ይመለሳሉ። የእኔን ልጅ አምጣው ብለውኝ ግን አያውቁም።

በስልሳ ሰባት ገበሬውን እንዲያስተምሩ የተላኩት ተማሪ ዘማቾች መጡ። የግድግዳ ጽሑፍና ሥዕል ኃላፊዋ ብርሀንነሽ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ሥዕሌን ወደደችው፤ ጀግናውን ግን አልወደደችውም።

«መምህር ምናለ፣ አንድ ሰው ሕዝቡን ሁሉ ተሸክሞ አይዘልቅም» አለችኝ። «እንዲህ እየሳልህ ሰዉን ቁጭ ብለህ ደራሽ ጠብቅ ነው የምትለው።»

ተሳስተሻል ልላት አልቻልሁም። በሚቀጥለው ገበያ ደራሽ ጋቢውን አውልቆ ንቁ ለሚባል፣ ዶማና መጽሐፍ ለያዘ ወጣት አስረከበና ከሥዕሉ ጠርዝ ወጥቶ ሄደ። ንቁ አይዘልም። ሰው ሰብስቦ እርከን ይሠራል።

ሻይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ወጣቶቹ ደራሽ ፊደል ያልቆጠረ ዘላይ ነው አሉ። ትልልቆቹ ጋቢው ለንቁ ሰፍቶታል አሉ። አንድ ገበሬ፣ ጋቢ ተከናንቦ እርከን የሚሠራ ሰው በዕድሜው አይቶ እንደማያውቅ ማለ። ንግሥቴ ደግሞ ከሥዕሉ ሥር የሚከራከር ሰው ሻይ አዝዞ እንዲከራከር ደነገገች። አያ በሽር ሲመጡ ሁላችንም «ተተኪ ተብዬው» የሚለውን ጠበቅን። አላሉትም።

«የእኛው ወዴት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጡረታ ወጣ» አልሁ። ሳይሰናበቱን ወጡ።

በማግሥቱ መሪጌታ ሞላን አስከትለው ለሽምግልና መጡ። ሰው ለጋብቻ፣ ለደም፣ ለድንበር ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። ለሥዕል ሲመጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዘማቾቹ ካረፉበት ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ በየሃይማኖታቸው መረቁን። መሪጌታ ሞላም ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«አንድ ሰው ከሥራው ተነሥቷል። ጥፋቱ አልተነገረንም። ጥፋት ካለበት ይነገረንና እንካስ፤ ከሌለበት ይመለስልን።»

ብርሀንነሽ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ተባሮ መሰላት። «ማን ነው የተነሣው?» አለች።

«ደራሽ» አሉ አያ በሽር። «ዋሱ እኔ ነኝ።»

ብርሀንነሽ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«አባባ፣ ደራሽ እኮ ሥዕል ነው» አለች ቀስ ብላ።

«አጣሁት እንዴ ልጄ? ቀለሙን የሸጥሁለት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ንቁ ምን አደረገዎት? ለአገር የሚጠቅም ሥራ ነው የሚሠራው።»

«ይሥራ። ወላሂ አልጠላሁትም፤ እርከኑም ያምራል። ግን እሱ ከቀዬው አይወጣም። ወጥቶ የቀረውን ማን ይፈልገው? የእኔ ሷሊህ ከአዋሽ አልተመለሰም። ያኛው ተራ በተራ እያመጣ ነበር። የእኔ ተራ ሳይደርስ አነሣችሁት።»

መሪጌታ ሞላ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ኋላ ብርሀንነሽ ጓዶቿን አማክራ ተመለሰችና በወጉ ተደራደርን። ንቁ ከፊት እንዳለ ይቆያል። ደራሽ ግን ጡረታ አልወጣም፤ ከላይ ከጥጉ ላይ፣ ትንሽ ሆኖ፣ መንገድ ላይ ይታያል።

«ጋቢውም ይመለስለት፤ መንገደኛ ነው» አሉ አያ በሽር። ንቁን ቱታ አለበስነው።

ከዚያ ወዲያ ገበያተኛው ንቁን ሲያይ እሳቸው ጥጉን ያያሉ። «ዛሬ የት ደረሰ?» ይሉኛል። ባቲን አልፏል እላለሁ። «አብሽር፣ ይደርሳል» ብለው እኔን ያጽናኑኛል። እውነቱን ለመናገር ከተማውን ሁሉ ባሰለቸው ጭቅጭቃቸው ሳይቀር ወደድኋቸው። አንድ ገበያ ቢቀሩ ያመማቸው እየመሰለኝ ሱቃቸው ድረስ እሄድ ነበር።

ኢድ ሲቃረብ ላስደስታቸው ፈለግሁ። ደራሽ መኪና መቆሚያው ደርሶ፣ ቀጭንና ረጅም ወጣት ከጀርባው ሲያወርድ ሳልሁ። ለወጣቱ የአያ በሽርን አፍንጫ ሰጠሁት። ገበያው ሳይሞላ ሰቀልሁትና ጠራኋቸው። መጥተው የወጣቱን ፊት ቀረብ ብለው አዩት።

«አፍንጫውን ከኔ ወሰድህ» አሉ።

«አዎ።»

«አሳምረህ ስለኸዋል። አሁን አውርደው።»

ያስቀየምኋቸው መስሎኝ ደነገጥሁ። «ለምን አያ በሽር?»

«ዓሊማ ከገበያ ስትመለስ በዚህ ነው የምታልፍ። እናቱ ናት፤ መጣ ካልናት ታምናለች።» ሥዕሉን ራሳቸው ከግድግዳው አላቀው ሰጡኝ። «ያልመጣን ሰው መጣ አትበል። ደራሽን መንገዱ ላይ መልሰው። እሱ እየሄደ እስካለ እኔም መጠበቅ እችላለሁ።»

እዚያው ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ሳልሁ። እሳቸው ቀለሙን ይዘውልኝ ከአጠገቤ ቆሙ። ደራሽ እንደገና ትንሽ ሆኖ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ቁልቁል ወደ ቆላው ሲሄድ ጎንበስ ብለው አዩት።

«እንዲህ ነው» አሉ። «እርምጃውን ብቻ ትንሽ አስረዝምልኝ።»

አስረዘምሁት።