የኦቦ ጉደታ ላም በእንግሊዝኛ

ይህን ያጫወቱኝ ጎረቤቴ የነበሩት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ያውም በአጥር በኩል ያመለጠኝን ብቻ። ሌላውን እኔው በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ባላቸው ጋሼ ተካልኝ እዚሁ መቱ የአውራጃው ጸሐፊ ነበሩ። ጎሬ አስተርጓሚ ይፈለጋል ሲባል ለፈተናው ተመዘገቡ። ሌላውን እንደምንም ተወጡት፤ አንድ ነገር ግን አስቸገራቸው። ለካስ እንግሊዝ ያለፈውን ነገር ለሁለት ይከፍለዋል። ሲምፕል ፓስትና ፕረዘንት ፐርፌክት ይባላል አሉ። እኔ ከፊደል አልዘለልኩም፤ ግን ሦስት ወር ሙሉ ሲጠና የሰማ ሰው እንዴት ይጠፋዋል? የሚያስጠኗቸው ህንድ አስተማሪ ሲያስረዷቸው፣ ቀኑን ከጠቀስክ ነገሩ አልፏልና በመጀመሪያው ተናገር፤ ቀኑን ሳትጠቅስ ነገሩ እስከ ዛሬ ከያዘህ ግን በሁለተኛው፣ አሏቸው። ምሳሌውንም ከኑሮህ አውጣ ብለዋቸዋል።

ከኑሯቸው ምን ቢያወጡ ጥሩ ነው? የኦቦ ጉደታን ላም።

ኦቦ ጉደታ ከማዶ ያሉት የቡና እርሻ ባለቤት ናቸው። ካቻምና የነጋሼ ተካልኝ ጎመን ተግጦ አደረ። የፈረሰውን አጥር አይቼ ላም ናት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከኔ ዓይን ምን ያመልጣል? ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ የላቸውም። ለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የሚቀመጡት። ጋሼ ተካልኝ በየጠዋቱ ደጅ ቆመው ሕጉን በአማርኛ፣ ምሳሌውን በእንግሊዝኛ ያነበንባሉ። «ጉደታስ ካው ሃዝ ኢትን ማይ ካቤጅ።» የጉደታ ላም ጎመኔን በልታለች ማለት ነው፤ ያውም በሁለተኛው። ኦቦ ጉደታ እንግሊዝኛ አያውቁም። ስማቸውን ግን ያውቃሉ።

ፈተናው ታለፈ። ጎሬዎች ደግሞ ንብረት ያለው ዋስ እስከ ሰኞ ካላመጣህ ቦታው ለሌላ ይሰጣል አሉ። ከሰፈሩ ንብረት ያለው ማን ነው? አንድ ሰው ብቻ።

እትዬ አስካለ ባላቸውን ከፊት አስቀድመው ሄዱ። ኦቦ ጉደታ አስቀመጧቸው።

«እፈርማለሁ» አሉ። «ግን አቶ ተካልኝ፣ በዚያ በየጠዋቱ በሚሉት፣ ላሜ ከየትኛው ናት? ካለፈው ወይስ እስከ ዛሬ ከያዘዎት?»

ጋሼ ተካልኝ አቀረቀሩ። «ካለፈው ናት።»

«እንግዲያው ቀኑን ይጥቀሱልኛ።»

ለፈተናው እንኳ እንዲህ አላላባቸውም ይላሉ እትዬ አስካለ። «ካቻምና፣ በመስቀል ማግስት፣ የኦቦ ጉደታ ላም ጎመኔን በላች።»

«ቶሌ» አሉ ኦቦ ጉደታ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ።

ጋሼ ተካልኝ ጎሬ ገብተው አስተርጓሚ ሆኑ። እትዬ አስካለ ከጎሬ ለገበያ ሲመጡ እኔ ዘንድ ያርፋሉ። ኦቦ ጉደታ፣ ስሜን አስጠፋች ብለው ላሟን ሸጧት።

ጎመኑን የበላችው ፍየሌ ነበረች። እሷን በዚያው ዓመት ለፋሲካ አረድናት። ጋሼ ተካልኝም ኦቦ ጉደታም ተጠርተው መጥተው፣ ጀርባ ተሰጣጥተው በልተዋታል።