ጮክ ብለህ ታመም

በጎጃም፣ ከተማ ነኝ የሚል ሁሉ ከሐኪሙ በላይ ሐኪም፣ ከመርማሪውም በላይ መርማሪ የሆነ አንድ ባለ መድኃኒት ቤት አያጣም። የሞጣው ክቡር ዶክተር ሐምዱ ኡበይዳ ናቸው። ዶክተር ያላቸው ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ዶክተር የማይላቸው የሞጣ ሰውም የለም።

እሳቸው ዘንድ ተደብቆ መታመም አይቻልም። በቅርቡ አንድ አዲስ ሙሽራ፣ አማቱ ከኋላው ቆመው ሳሉ፣ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አላቸው።

"ጮክ በል! በሽታ አያሳፍርም!" አሉት። "የሚያሳክክህ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ሙሽራው መድኃኒቱን ሳይገዛ ወጣ። አማትየውም ተከትለውት ወጡ።

"ቀዩንና ጥቁሩን ክኒን ስጡኝ" የሚል ጉንፋን የያዘው ሲመጣማ "እዚህ ቀለም አይሸጥም" ብለው፣ ውኃ ጠጥቶ እንዲተኛ መክረው ይሸኙታል።

ፋርማሲ ተምራ ከአባቷ ጎን የምትሠራው ልጃቸው ጁማና በዚህ ሁሉ ታፍራለች።

"አባ፣ ቀስ ብለህ ጠይቅ እንጂ። የሰው ገመና ነው እኮ።"

"አባቴ ከቢቸና አንድ ሻንጣ መድኃኒት በበቅሎ ጭነው መጥተው ይህን ቤት ሲከፍቱ ጆሯቸው አይሰማም ነበር" ይሏታል። "አገሩ ሁሉ እየጮኸ ነው የዳነው!"

ጁማና በልቧ አባቷ አርፈው ቤት ቢቀመጡ፣ ሱቁንም እሷ በወጉ ብትይዘው ትመኝ ነበር።

በዐቢይ ጾም ሐምዱ ለሶላት ሲጣደፉ ለጎረቤታቸው ለእትዬ ይርጋነሽ የግፊት ክኒን ሰጡና "በቀን ሦስት" ብለው ወጡ። ለወትሮው "ይጾማሉ ወይ?" ሳይሉ መድኃኒት አይሰጡም፤ ያን ዕለት ዘነጉ። አሮጊቷም ጾም ላለመሻር ከቅዳሴ መልስ ሦስቱንም በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጧቸው። ደጃፋቸው ላይ ወደቁ። ሐምዱ ሲሰሙ ባጃጅ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ አዝለዋቸው ሐኪም ቤት ሮጡ።

እትዬ ይርጋነሽ ድነው ወጡ። ሐምዱ ግን የሱቁን ቁልፍ ለልጃቸው ሰጥተው "በቃኝ፤ ሰው ልገድል ነበር" አሉና ቤት ገቡ።

ጁማና የተመኘችውን አገኘች። ሱቁ ጸጥ አለ። ደንበኞቹን ቀስ ብላ ስትጠይቅ "ደህና ነኝ" ይሏታል፤ የገዙትን ይዘው ይወጣሉ። ማታ ቤት ስትገባ አባቷ ግድግዳ ግድግዳ እያዩ ተቀምጠዋል። አንድ ቤት አብረው እያደሩ ናፈቋት።

በገበያ ቀን ማለዳ፣ ጁማና ሱቅ ልትከፍት ስትነሣ፣ እትዬ ይርጋነሽ ምርኩዛቸውን ይዘው ቤት ድረስ መጡ።

"አንተ ሐምዱ፣ ሱቁን ተውከው አሉ?"

"ልጄ አለችልዎ፣ እትዬ። ከእኔ ይልቅ እሷ ትሻልዎታለች።"

"እሷንማ እግዜር ያሳድጋት። እኔ ግን አንተ ካልሰጠኸኝ አልውጥም። ካቆምኩት ሰነበትኩ።"

ሐምዱ ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ። "ምን? የግፊት መድኃኒት ይቋረጣል? እትዬ፣ ቀልድ መሰለዎት እንዴ!"

"እንግዲያ ና ስጠኛ።"

ሐምዱ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ አቀረቀሩ። "ብሳሳትስ ደግሞ?"

"አንተ ስትሰጥ እኔ አያለሁ፤ እኔ ስሰጥ አንተ ታያለህ" አለች ጁማና። ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። "አባ፣ ተነሥ እንሂድ። ብቻዬን አልወደድኩትም።"