ማራገፍ የማይወደው ባልደረባዬ

ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም መጫን እንጂ ማራገፍ የማይወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ፤ የሥራ ባልደረባዬ ብሩክ ነው።

ባሕር ዳር ለተጠሩ የጣና ዳር ገበሬዎች እንቦጭ የተባለው የሐይቅ አረም የት የት እንደተስፋፋ በካርታ ላስረዳ ተዘጋጅቼ ነበር። ጠዋት የካርታው ፕሮግራም አልከፈት አለ። ለካ ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት የሚሠራው ኮምፒውተሬ ላይ የፕሮግራሙ አሮጌና አዲስ ቅጂ አብረው ተጭነው እርስ በርስ ይጋጫሉ።

«አንዱን አጥፋልኝ» አልሁት ብሩክን።

«ምን አደረገህና ነው የምታጠፋው?» አለኝ፤ የተቀየመም መሰለኝ። ከዚያ ሁለቱን ያስታርቃል ብሎ ሦስተኛ ቅጂ ጫነ። ይኼኔ ካርታው ቀርቶ ኮምፒውተሩም አልነሣ አለ። ብሩክ ጥቁሩን ስክሪን እያየ «አሁን ችግሩ ጠራ» አለ። ምኑ እንደጠራለት አልጠየቅሁትም፤ ገበሬዎቹ አዳራሹን ሞልተውት ነበር።

ጠመኔ ይዤ ጣናን ሰሌዳው ላይ ሣልሁት። ሥዕል ስለማልችልበት ሐይቁ ድንች መሰለ። ደግነቱ አንድ አዛውንት ተነሥተው «ልጄ፣ የእኛ ቀበሌ የቱ ጋ ነው?» አሉ። ሁሉም እየመጣ እንቦጩ የደረሰበትን በጣቱ ያሳይ ጀመር፤ ስብሰባውም ሠመረ።

ስንወጣ ብሩክ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ለሚቀጥለው አትስጋ፤ አራተኛው ወጥቷል» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠመኔ ከኪሴ አይጠፋም።