ለሠርግ የተሞረደው ሞተር

ሰው ደህና የሚሠራ ዕቃ ሲያይ እጁን የሚበላው ለምን እንደሆነ እንጃ። እናንተም ውስጥ ሬዲዮ ፈትታችሁ ስትገጥሙ ብሎን የተረፋችሁ አትጠፉም። እኔ የፈታሁት ግን የሰው ሠርግ ነው።

ቂርቆስ ሰፈር ግቢ የምንጋራቸው ጋሽ ታደሰ ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ሳምንት ሲቀራቸው፣ «ሙሽሪትን ከካዛንቺስ የምታመጣት ያንተ መኪና ናት፤ የሌላ ሰው ደጅ አልጠናም» አሉኝ። ክብር ነው፣ ግን ጭንቅም ነው። መኪናዬ አሮጌ ናት፤ የካዛንቺስን ዳገት ስትወጣ ወርጄ ላግዛት ይመስለኛል። ሙሽራ ጭና ብትቆምስ? አንድ ወዳጄ፣ «ሞተሯ ትንፋሽ አጥሯት ነው፤ አየር የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች በሞረድ ብታሰፋቸው ትበራለች» አለኝ። እኔ ሞኙ አመንኩት።

ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ ማለቴ ነው፣ ነቅዬ በረንዳ ላይ መሞረድ ጀመርኩ። ከቀዳዳው ግድግዳ ጀርባ ውሃ ያልፋል። ግድግዳው ከተበሳ በቃ፣ ሙሽሪት በእግሯ መምጣቷ ነው።

ይኼኔ ጋሽ ታደሰ መጡ። ለገሃር የባቡር ብረት ሲሞርዱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «የልጄ ሠርግ መኪና ላይ እኔ እጄን ሳላስገባ?» ብለው ሞረዱን ተቀበሉኝ። እስቲ የሙሽራን አባት እጅ ማን ይይዛል?

«ጋሼ፣ በቃ ይረፉ።»

«ገና ነው፣ ዝም በል!»

ብረቱ እንደ ዱቄት ይረግፋል፣ እኔ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ሲጨርሱ እሳቸው የሞረዷት ቀዳዳ ከሌሎቹ ሁሉ ሰፍታ ቁጭ አለች። ደግነቱ ውሃ ብሞላበት አላፈሰሰም። ቅዳሜ ገጥሜ ስሞክራት ዳገቱን ተወንጭፋ ወጣችው። ነዳጅ ስቀንስ ግን ታስላለች፤ መሮጥ እንጂ ማዝገም ጠልታለች። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር?

እሑድ ሙሽራውንና ሙሽሪትን ጭኜ ከካዛንቺስ በሰላም ወረድኩ። የሰፈራችን መግቢያ ስንደርስ ግን እልልታው መንገዱን ዘጋው። ቪዲዮ ቀራጩ ፊቴ ቆሞ፣ «ቀስ! ቀስ በል!» ይለኛል። የሠርግ መኪና የሚነዳው በሰው እርምጃ መሆኑን እንዴት ረሳሁት! መኪናዬ አሳላት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። ቁልፉን ደጋግሜ ባዞር ባትሪውም ደከመ። እልልታው ቀጥ አለ። ሙሽራው ከኋላ ወንበር በመስታወቱ አፈጠጠብኝ፤ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ጋሽ ታደሰ አዲስ ሱፋቸውን ለብሰው ከደጅ እየሮጡ መጡ። አለቀልኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። በመስኮቴ ጎንበስ ብለው፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ ጠየቁኝ።

«ያቺ እኔ የሞረድኳት ቀዳዳ ናት ያጠፋቻት?»

ለካ እሳቸውም ሳምንቱን ሙሉ እንደኔው ሲጨነቁ ነው የከረሙት! ዓይናቸውን አየሁና አንጀቴ አልችል አለ።

«የለም ጋሼ፣ እኔ የሞረድኳት ናት።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ቀና አሉና ለሚዜዎቹ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮኹ። «ግፉ እንጂ! ይኼ ልጅ እኮ ምክር የሚባል አይሰማም!»

ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ተገፋሁ።